ዮናስ ከቀኝ ይነሣል

ሠዓሊው በሥዕል ክፍሉ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ከበላዩ በተወጠረው ሽቦ ላይ በቀለም የታተሙ ስድስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ለአይሁድ ልጆች የሚታተመው የዮናስ ታሪክ ነው፤ መርከቡ ኮንቴይነር የጫነ፣ ነነዌ ፎቅ በፎቅ የሆነች። በግራ ጫፍ የታሪኩ መጀመሪያ መርከቡ፣ በቀኝ ጫፍ መጨረሻው፣ በረንዳ ላይ የደረቀው ቅል። መሰላሉ የቆመው ከቅሉ ሥር ነበር።

ሴት ልጁ አላለቀሰችም። ሬሳው ከወጣ በኋላም ወንበር ላይ ደንዝዛ ተቀመጠች።

«በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ ያላችሁ እናንተ ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ» አለች መርማሪዋ። የተሰቀሉትን ሥዕሎች እንደ ገበያተኛ አንድ በአንድ ስታይ የቆየች፣ ለሰው ፊት ደንታ የሌላት ሴት ናት።

«እኔ ከትናንት ምሳ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም» አለ የልጅቷ ባል። የአማቱን ሥዕሎች ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ቀለም የሚቀባው እሱ ነው።

ታሪኩን በዕብራይስጥ የጻፉት ረቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ትናንት ከሰዓት ብቅ ብዬ ነበር። ሥዕሎቹ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። የአማችዎ ስም ሽፋኑ ላይ ይግባ ብላቸው፣ ሞቼ ነው ቆሜ አሉኝ።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ ሲሰቅሉ መርከቡን በየት በኩል ያደርጉት ነበር?»

ባሏ ቀና ብሎ አያት። መዋሸት ትችል ነበር። ጠዋት በሩን እንደከፈተች ከሬሳው በፊት ያየችው ሽቦውን ነው፤ ያኔ ነው የደነዘዘችው።

«በቀኝ» አለች። «ዕብራይስጥ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ መጽሐፉም የሚገለጠው ከቀኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው የምሰቅለው እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ሲሰቅሉ ወደቁ ለማስመሰል ሥዕሎቹን ሌላ ሰው ሰቅሏቸዋል» አለች መርማሪዋ። «እሳቸው ቢሆኑ የሚጨርሱት በግራ ነው፤ መሰላሉም እዚያ ይቆም ነበር። አንቺም ከቀኝ ትጀምሪያለሽ። ረቢም ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡ የኖሩት ከቀኝ ነው። ከግራ የሚጀምረው ሥዕሉ አንድ በአንድ የሚላክለት፣ መጽሐፉን ተጠርዞ ያላየ ሰው ነው።»

ባልየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጋሼን ገፋኋቸው እንጂ መግደልስ አላሰብኩም። ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለሙ የኔ፣ ስሜ ግን የትም የለም።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ ዞር ብላ አላየችውም። መርማሪዋ ስትፈቅድላት ሥዕሎቹን አውርዳ ከቀኝ ጀምራ ሰቀለቻቸው። የደረቀው ቅል ጋ ስትደርስ ቆማ ባሏ የቀባውን ቢጫ አየችው።

«ቀለሙ ያምራል» አለች።

ከዚያ የሽፋኑን ወረቀት ሳበችና ከአባቷ ስም ሥር የባሏን ስም በእርሳስ ጻፈች።