ከአራሷ ትራስ ሥር

ቢላዋው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ኢየሩስ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችውና ራያ እንዳትነቃ ቀስ ብላ ከትራሷ ሥር ሸጎጠችው። ራያ ድክም ብሏት ተኝታለች። የስምንት ቀኑ ልጇ ሰላሃዲንም በፎጣ ተጠቅልሎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ከጎኗ ተኝቷል።

ውጭ ጓደኛዋ ቤተልሄም የቆርቆሮውን በር በጠጠር ታንኳኳለች። «ፍጠኚ እንጂ። ጆኒ ስልኩን ይዞ ወጥቷል፤ ዳንሱን ያለ አንቺ ሊቀርጹት ነው።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች ኢየሩስ ለራሷ።

እናቷ ኤልሳቤት ወፍጮ ቤት ስትሄድ ያለቻት ግን ሌላ ነበር። «አራስ ብቻዋን አትተውም። እስክመለስ ከአጠገቧ ንቅንቅ እንዳትይ።» ራያ ግቢያቸው ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየች የስልጤ ልጅ ናት። ባሏ የህያ እዚሁ ሰበታ ፋብሪካ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። የራያ እናት ወራቤ ታማ ተኝታለች፤ ልታርሳት አልመጣችም። ስለዚህ ገንፎውንም፣ አጠባውንም፣ ቁጣውንም ኤልሳቤት ተረክባዋለች።

ኢየሩስ አንድ ነገር ታስታውሳለች። ታናሽ ወንድሟ የተወለደ ጊዜ፣ እናቷ ለአፍታም ብቻዋን ከቀረች ራስጌዋ ቢላዋ ይደረግላት ነበር፤ ሰይጣን ብረት ይፈራል ተብሎ። የሳይንስ አስተማሪዋ ይሄ ተረት ነው ያሉ ቀን ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷ ናት። ዛሬ ግን መሄድ አማራትና ድንገት አመነችበት። ቢላዋው እሷን ተክቶ ይጠብቃል።

አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ።

ስትመለስ ራያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ ቀኝ እጇን በሻርፗ ጠቅልላዋለች። ሻርፑ ደም ነክቶታል። ቢላዋው ወለሉ ላይ ወድቋል።

«አለቀሰና ላጠባው ስነሳ፣ ትራሱን ሳብ ባደርገው ቆረጠኝ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ኢየሩስ ራያ ብትቆጣት ትመርጥ ነበር። «እኛ አገር ራስጌ የሚቀመጠው ቁርኣን ነው። ይሄ ምንድን ነው፣ ኢየሩስ? ልጄን ነው የፈራችሁት?»

«አይ፣ እኔ... እኛ ጋ እኮ...»

ለአንቺ ብዬ ነው እንዳትል፣ ለራሷ ብላ ነው። ይህን ስታስብ የግቢው በር ተንቋቋ፤ ኤልሳቤት ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ ገባች።

«እጅሽን ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

ራያ ኢየሩስን አየት አደረገቻት። «ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ነው፣ እትዬ ኤልሳቤት። እሷን ሱቅ ልኬያት ነበር።»

«ሽንኩርት? በስምንት ቀንሽ?» ኤልሳቤት የራያን እጅ በለብ ያለ ውሃ እያጠበች ቀጠለች። «እናትሽ ስትደውል ምን ልበላት? እኔን አምና አይደል ወይ እዚያ የተኛችው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«ይቅርታውን ለጣትሽ ንገሪው።»

ኢየሩስ እናቷ ሳታይ ቢላዋውን ከወለሉ አንስታ፣ እዚያው ትታው በሄደችው የሂሳብ ደብተሯ ሸፍና ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታቸው የአዴ ቦሰና የኦሮምኛ ሰላምታ ከአጥሩ በላይ መጣ። «አካም ጅርቱ፣ ኤልሲ? አራሷ ደህና ናት?»

«ተዪኝ፣ አዴ ቦሰና። ከአልጋ አምልጣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠችው። ከእንግዲህ ከአልጋው ጋር አስሬያት ነው ወፍጮ የምሄደው።»

«ኢየሩስ የት ሄዳ?»

«የኔዋማ ጎበዝ ናት። ሱቅ ተልካ ነው።»

አዴ ቦሰና ከት ብለው ሳቁ። የራያ መስኮት ክፍት ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ኢየሩስ በመስኮቱ አሻግራ አየቻት። ራያ ሕፃኑን ልታስተኛው ጎንበስ ብላለች። መጀመሪያ በደህና እጇ ትራሱን አነሳችና ከሥሩ አየች። ከዚያ አንሶላውን ዳበሰች። ከዚያ ፍራሹን ገለጥ አድርጋ አየች። ልጇን ያስተኛችው ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው።

ኢየሩስ ፊቷ ጋለ። ደብተሩን ከነቢላዋው ይዛ እናቷን ተከትላ ሄደች።

ማድ ቤት ኤልሳቤት መደርደሪያውን ታምሳለች። «ያ ቢላዋ የት ገባ? ደግሞስ ከተፈች የተባለው ሽንኩርት የታለ?» ራሷን ነበር የጠየቀችው፤ ሽንኩርቶቹ ከነልጣጫቸው ሳህኑ ላይ ተቀምጠዋል።

እንጃ ማለት ይቻላል። ራያም አትናገርም፤ ነገሩ ዛሬውኑ ያልቃል። ኢየሩስ ቢላዋውን ከደብተሯ ሥር አወጣችና እጀታውን ወደ እናቷ አዙራ ከሽንኩርቶቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ራያ ሽንኩርት አልከተፈችም።»

«እና?»

«ነይ። ለእሷም ያልነገርኳት ነገር አለ፤ ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው የምናገረው።»

ግቢውን ቀድማ አቋረጠች፤ እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኋላዋ መጣች። የራያን በር ኢየሩስ ሁልጊዜ ገፋ አድርጋ ነበር የምትገባው።

ዛሬ አንኳኳች። ግቢ እስክትባል ድረስም ቆመች።