የድምፅ ጋን ግርጌ

ንጉሥ ድግናፍ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ፀሐይ በሰንዳባ መንግሥት አናት ላይ ቆማ ሳለች ድምፅ ጠፋ። መጀመሪያ የቤተ መንግሥቱ ነጋሪት እየተመታ ዝም አለ። ቀጥሎ የፈረሶቹ ኮቴ ዝም አለ። ሰው አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ከዚያ ጥላ መጣ። ጎርሞ ነበር፤ ክንፉ የአሞራ፣ ገላው የጅብ የሆነ፣ ድምፅ የሚበላ አውሬ። አደባባዩ መካከል የቆመውን የድምፅ ጋን በሁለት እግሩ አንቆ ወደ ምሥራቅ ይዞት ሄደ። ድምፅ ሲመለስ መጀመሪያ የተሰማው የጋኑ ጠባቂዎች አለቃ፣ የሊቀ ጋን ኢዮራም እሪታ ነው።

ጋኑ ከሰባት ትውልድ በፊት ከጭቃ ተሠራ። ቁመቱ ሦስት ሰው ያህላል። አንድ ሰው የሚያውቀውን ከተናገረበት፣ ነገሩ ከሰውየው ራስ ወጥቶ እዚያ ይቀመጣል፤ የፈለገ መጥቶ ይጠይቃል፣ ጋኑ ይመልሳል። መጀመሪያ የመድኃኒት ዕውቀት ተነገረበት፤ ቀጥሎ ሕጉና የነገሥታቱ የዘር ሐረግ፤ ከዚያ ዘፈኑ፣ የየአገሩ መንገድ፣ የእህል መዝሪያው ወቅት ሳይቀር። ጭንቅላት ሲቀል ደስ ይላል። በመጨረሻው ዘመንማ ሰው ሐዘኑንም ተሸክሞ መጥቶ ያራግፍበት ጀመር። የሞተበትን ሰው ጠዋት ለጋኑ ይነግርና ከሰዓት ወደ ሥራው ይመለሳል። በሰንዳባ እንባ ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ሸክላ ሠሪዎች ግን አይደርሱበትም ነበር። ጋኑን የሠራችው የእነሱ ሴት ናት፤ ቢሆንም ጠባቂዎቹ «የእናንተ ወሬ ለጋኑ አይመጥንም» እያሉ ይመልሷቸዋል። እንቢ ለመባል እንኳ ቀኑን ሙሉ በር ላይ መቆም ነበረባቸው። የተማረ ሰው በር እንዲህ ነው። ስለዚህ ያላቸውን ሁሉ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ኖሩ።

ጋኑ በተወሰደ በሳምንቱ ድንዝ ገባ። ድንዝ ሕፃናትን ይይዛል። ከእግር ጣት ይጀምራል፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል፣ አያምም፣ ልጁም አያለቅስም። በሃያ አንደኛው ቀን ልብ ላይ ይደርሳል። መድኃኒት እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጋኑ ብቻ ነበር።

ንጉሡ ጉባኤ ጠርተው ወደ ጎርሞ ተራራ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ እንዲነሳ አዘዙ። መኳንንቱ እርስ በርስ ተያዩ። መንገዱም ጋኑ ውስጥ ነበር። ያኔ ከኋላ አንዲት ወጣት ሸክላ ሠሪ ተነሳች፤ ጥርንጎ ትባላለች። የአራት ዓመት ልጇን እንኮዬን ድንዝ ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው። ጥቁሩን ጭቃ የምንቆፍረው ከዚያ ተራራ ሥር ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ አለች። ሊቀ ጋን ኢዮራም ማን እንዳስገባት ጠየቀ።

ንጉሡ ግን በትራቸውን አነሱ። «ጋኑን ካመጣሽልኝ ወገኖችሽ ከእንግዲህ በጋኑ ፊት ይቆማሉ። ቃሌ ነው።»

«ጃንሆይ፣ እኔ የመጣሁት ለመድኃኒቱ ነው» አለች ጥርንጎ። «በልጄ እግር እምላለሁ፤ እሱን ሳልይዝ የዚህን ከተማ በር አልረግጥም።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ ጋኑን ለእሷ አምኜ አልተውም ያለው ኢዮራም ነው። ሌላው አባ ነጎድ የተባለ አሮጌ ጦረኛ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሚስቱ ስትሞት ሐዘኑን ከነሴትየዋ ለጋኑ ሰጠ። ሚስት እንደነበረችው አገር ያውቃል፤ እሱ አያውቅም።

ስድስት ቀን ተጓዙ። ውሃው የሚናከሰውን ወንዝ በላይኛው መልካ ተሻገሩ፤ መንገደኛን በስሙ እየጠሩ የሚያስቱትን ድንጋዮች ጆሯቸውን በሰም ደፍነው አለፉ። መንታ መንገድ በደረሱ ቁጥር ጥርንጎ የቆፋሪዎችን ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ ግራና ቀኙ እዚያ ውስጥ አለ። ኢዮራም ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቃት።

«እናቴ» አለችው። «በእርስዎ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ።»

በሰባተኛው ቀን ተራራው ላይ ወጡ። ጎርሞ ጋኑን አቅፎ ተኝቷል። የጋኑ አፍ ተሰንጥቆ ድምፅ እየተንጠባጠበ ነው፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፣ አውሬው በእንቅልፉ ይልሰዋል። የተሰነጠቀ ጋን ደግሞ ተጠይቆ አይመልስም። ቢያነሱት ይፈርሳል። ኢዮራም አሰበና መጀመሪያ የገባው መድኃኒት ከግርጌው እስኪደርስ አራት ወር እንደሚፈጅ፣ ተደብቀው እየሰሙ ቢጠብቁ ግን ሁሉም ሊተርፍ እንደሚችል ተናገረ። «ልጆች ይወለዳሉ» አለ። «የነገሥታት የዘር ሐረግ ግን ሁለተኛ አይወለድም።»

ጥርንጎ ሌላ መንገድ ነበራት። ትልቅ ጋን ሲሠራ ግርጌው በመጨረሻ በአውራ ጣት ይደፈናል። እዚያ ላይ ቢበሳ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ቀዳዳውን በመዳፍ ይዞ የሚያሾልክ ሰው ያስፈልጋል፤ እጅ ሲነሳ ጋኑ ይፈርሳል፣ ከላይ ያለው ሁሉ ለነፋስ ነው። የያዘው እጅም አይድንም። ይህን እናቷ ነግራታለች።

አባ ነጎድ አውሬውን ላርቅ ብሎ ወደ ማዶው ሸንተረር ወጣ። ሊፎክር አፉን ከፈተ፤ ፉከራውም ጋኑ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ያለውን ጮኸ፤ የበቅሎዎቹን ስም፣ ከዚያም የኢዮራምን ዘመዶች አንድ በአንድ እየጠራ ሰደበ። ጎርሞ ነቅቶ ወደዚያ በረረ።

ጥርንጎ ተንበርክካ የአውራ ጣቱን ምልክት በጣቷ ፈለገች። ኢዮራም ነጠላዋን ያዘ።

«ሰባት ትውልድ ነው» አላት።

«የእኔ አራት ዓመቷ ነው» አለችው፤ በሸክላ መፋቂያዋም ምልክቱን ወጋች። ቀዳዳው ላይ ሁለት መዳፏን ደረበችበት።

የወጣው የአሮጊት ድምፅ ነበር፤ አነጋገሩ የሸክላ ሠሪ ነው። ኢዮራም አንገቱን ደፋ። አሮጊቷ የእርግብ ጥፍር የሚባለውን ተክል ሥር ከጥቁሩ ጭቃ ጋር አቡክቶ፣ በፍም አሙቆ፣ ሰባት ቀን እግር ላይ መምረግ ነው አለች። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ድምፁ ብርድ ነበር። በመጀመሪያው የጥርንጎ ጣቶች ደንዝዘው ሄዱ፤ በሁለተኛው መዳፏ። በሦስተኛው እጅ እንዳላት የምታውቀው በዓይኗ ብቻ ሆነ። ከዚያ እጇን አነሳች።

ጋኑ ፈረሰ። ሰባት ትውልድ በአንድ ጊዜ እንደ ወፍ ወጣ፤ ሕጉ፣ ዘፈኑ፣ ወቅቱ፣ የሙታኑ ስም። ጎርሞ ሸንተረሩን ትቶ እየበላ ተከተለው፤ ከሰማዩ ጠርዝ አለፈና ተመልሶ አልታየም። ኢዮራም እጁን ዘርግቶ የነገሥታቱን ስም ሊይዝ ሮጠ። ሦስት ያዘ፤ አንዱ በኋላ ሲጣራ የፈረስ ሆኖ ተገኘ።

አንዲት የሴት ድምፅ አባ ነጎድ ጆሮ አጠገብ ቆማ «ነጎዴ፣ ብርዱ ሳይመታህ ግባ» አለችውና ሄደች። ወርዶ ጥርንጎን ማን እንደሆነች ጠየቃት። ጥርንጎ አላውቅም አለችው።

እሱ እያጎረሳት ከተማ ገቡ። ባዶው አደባባይ ላይ ቆማ መድኃኒቱን ነገረቻቸው፣ ድገሙ አለቻቸው። በቃል መያዝ አልለመዱም። ጭቃው ላይ ሲደርሱ ሥሩ ይጠፋባቸዋል። ከጠዋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ፈጀ። ልጆቹ ዳኑ፤ አራት ቤት ግን በጊዜ አልደረሰም።

ንጉሡ የማን ልጅ እንደሆኑ የሚነግራቸው አጥተው ነበርና አላመሰገኗትም። ሌላ ጋን እንድትሠራ አዘዟት። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ፊተኞቹ ሐኪሞቹ ናቸው፣ መድኃኒቱ ጭንቅላታቸው ላይ ስለከበዳቸው ለአዲሱ ጋን ሊያስረክቡ። ጥርንጎ እጆቿን አሳየቻቸው። ንጉሡ አዩና ሌላ ሸክላ ሠሪ እንዲፈለግ አዘዙ።

እሷ ወደ ቤቷ ሄደች። ጭቃውን እናቷ መረገችላት፣ ሰባት ቀን። በሰባተኛው ጠዋት ጥርንጎ የእንኮዬን እግር ያዘች። የቀዘቀዘው የልጇ እግር ይሁን የራሷ እጅ ማወቅ አልቻለችም። ጎንበስ ብላ የልጅቷን አውራ ጣት ነከሰች።

እንኮዬ ጮኸች፤ በሌላው እግሯ የእናቷን አፍ መታች።

«አመመሽ?» አለች ጥርንጎ።

«አዎ። ምን ሆነሻል?»

ጥርንጎ ደግማ ነከሰቻት።