በፌስታል የመጣው ቆሽት

ሌሎች ሴቶች ከሚወዳቸው ሰው እጅ አበባ ይቀበላሉ፤ እኔ የተቀበልኩት በፌስታል የተቋጠረ የበሬ ቆሽት ነበር።

የጠየቅሁት ግን እኔው ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ፣ ኢንሱሊን ከቆሽት ሕዋሳት እንዲወጣ የሚያግዙትን ፕሮቲኖች እመረምር ነበር። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካለው ልኳንዳ ገብቼ «ቆሽት ይኖራል?» ስል ደንበኞቹ ሳቁ።

«እሱን እኮ ለውሻ ነው የምንጥለው» አለ ሥጋ ሻጩ ረዲ። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ቆየና «ለአንቺ ግን አይጣልም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በበረዶ ይዞ በራችን ድረስ ያመጣልኝ ጀመር። ስለ ቆሽት አውርተን ስንጨርስ፣ ሌላ ወሬ አናጣም ነበር።

አንድ ጁምዓ ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶት ረዲ ዘገየ፤ በረዶውም ቀለጠ። ፌስታሉን ስፈታው ቆሽቱ በገዛ ጭማቂው ራሱን መፍጨት ጀምሯል፤ አረንጓዴ ልጋግ ለብሶ ይከረፋል። አፌን በሒጃቤ ሸፍኜ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

እናቴ ከጓሮ ወጣች። «ኤጭ! ይኼ ደም ደም የሚሸት ልጅ ዳግመኛ ደጄን እንዳይረግጥ!»

ረዲ መልሴን ጠበቀ። ሒጃቤን ከአፌ ላይ አላነሳሁም። ሄደ፤ ከዚያም ቀረ። ቆሽቱ ካቅለሸለሸኝ ይልቅ የእናቴ ቃል አቅለሸለሸኝ።

ልኳንዳው ድረስ ሄድኩ።

«ቆሽት የለም» አለ፣ በመጥረቢያ ከሚፈልጠው አጥንት ቀና ሳይል።

«ቆሽት ፈልጌ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ልትጸየፊኝ ነው ሀፍሷ?»

የማውቀውን ከመናገር በቀር መላ አልነበረኝም። «ኢንሱሊን በሕዋሱ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ይጠብቃል። የከረጢቱ ፕሮቲንና የሕዋሱ ሽፋን ፕሮቲን እንደ ገመድ ተጠማዘው ካልተሳሳቡ፣ ቢሞላም አይወጣም። ያን ቀን እኔም አፌ ሞልቶ ነበር።»

«በምን?»

«በትውከት። ከሥሩ ደግሞ ‹እማ፣ ይህን ልጅ እወደዋለሁ› የሚል ነበር።»

አንድ ደንበኛ «ኧረ ረዲ፣ መጥረቢያውን አስቀምጥ!» ብሎ ጮኸ።

ረዲ አስቀመጠው። «እናትሽስ?»

«ዛሬ አፌን የሚዘጋው ትውከት የለም። አብረን እንሂድና እነግራታለሁ።»

እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ደም ነው።»

ያዝኩት። ለብ ያለ፣ ሞራ የለበሰ፣ የሚያሟልጭ እጅ ነበር። እስከ እናቴ በር ድረስ ግን አልለቀቅሁትም።