የሸክላ ክፍል የሌለው ኮሌጅ

ሰውየው በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይሠራል። የተጋጩ መኪኖች ፎቶ ይመጣለታል፤ ጉዳቱን አይቶ ይገምታል፣ ይፈርማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሥራውን አይጠላውም፤ አይወደውምም። እቤት ሲገባ እራት ምን ይቅረብልህ ቢሉት «ያው ነው» ይላል። ሸሚዝህ ሰማያዊ ይሁን ነጭ ቢሉትም «ያው ነው»። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አባትየው ካረፉ ወዲህ ቤቱን በመርፌ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ጠጪ አይደለ፣ አምሺ አይደለ፤ ጨዋ ልጅ ወለድኩ ብለው ያመሰግናሉ። ጨዋነትና መደንዘዝ በሩቁ ሲያዩዋቸው እንደሚመሳሰሉ ማን ይነግራቸው?

ታናሽ እህቱ ግን ሌላ ናት። ጭቃ እጇ ከገባ ሰው ይሆናል። የፖስታ አመላላሹን ጉንጭ፣ የጎረቤታቸውን የጡረተኛ አስተማሪ ቁጡ ግንባር በጭቃ ሠርታ፣ አድርቃ መስኮቱ ላይ ደርድራቸዋለች። አስተማሪው አንድ ቀን የራሳቸውን ፊት አይተው «እኔ እንዲህ ነኝ?» ብለው ተቆጡ፤ በማግሥቱ ሚስታቸውን ይዘው መጡና «እሷንም ሥሪልኝ፤ ብቻዬን አልቀመጥም» አሉ።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ማመልከቻ ጊዜ ሲደርስ ወንድሟ ዘንድ መጣች። ከቤቱ ኮሌጅ የረገጠ እሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የት የት ላመልክት?»

«አስብበታለሁ።»

አሰበበት ከተባለ፣ በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። አንደኛውን የመረጠው የሥራ ባልደረባው ልጅ ስለተማረችበት ነው። ሁለተኛውን ከአውቶቡስ መስኮት ሕንፃውን ስለሚያየው። ሦስተኛውን ስሙ ስለገነነ። ሳንድዊቹን ሳይጨርስ ስማቸውን በስልክ ላከላት። ማታ እህቱ ጠየቀችው።

«ሸክላ ያስተምራሉ ግን?»

«የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አይደሉ እንዴ? ሁሉም ያው ነው።»

የተማረ ወንድም ተናገረ፤ አለቀ። እሷም አመነች።

የመጀመሪያው ኮሌጅ ከማመልከቻው ጋር የሥራ ናሙና ፎቶ ይጠይቅ ኖሯል፤ እነሱ ሲሰሙ ቀኑ አልፏል። ሁለተኛው ሙዚቃ ብቻ የሚያስተምር ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው፣ ስመ ጥሩው፣ ተቀበላት። እናት ለደንበኛው ሁሉ አወሩ፤ ከሚያምር ጨርቅ ጃኬት ሰፉላት። ጃኬቱ ልክክ አለባት።

በምዝገባው ዕለት ወንድሟ ፈቃድ ወስዶ አብሯት ሄደ። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው። ሰልፉን ጠብቀው መዝጋቢዋ መስኮት ፊት ሲደርሱ እህቱ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች።

«የሸክላው ክፍል የት ነው?»

«ሸክላ?» አለች መዝጋቢዋ፤ ድካም እንጂ ክፋት የለባትም። «እኛ ጋ ሁሉም በኮምፒውተር ነው የኔ እህት። የማስታወቂያ ንድፍ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ሸክላ ኖሮንም አያውቅ። ድረ ገጻችን ላይ ተጽፏል እኮ፤ አላያችሁትም?»

ማንም አላየውም።

«እንግዲህ ልመዝግብሽ ወይስ ሰልፉን ትለቂያለሽ?»

እህቱ የጃኬቷን እጅጌ አስተካከለች። «መዝግቢኝ። ያው ነው።»

ወንድሟ ዞሮ አያት። እንባ ፈለገ፤ የለም። ቁጣ ፈለገ፤ እሱም የለም። ድምፁ የራሱ ነበር፤ የሱ ድምፅ ከእህቱ አፍ ወጣ።

እሱም በሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ መስኮት ፊት ቆሞ ያውቃል። ያኔ የሰው ድምፅ እያስመሰለ ሰፈር የሚያስቅ ልጅ ነበር፤ ቴአትር መማር ፈልጎ ነበር። አባቱ «ሒሳብ ይሻልሃል» አሉት፤ እሺ አለ። የዚያን ቀን ምንም አልሆነም። አልተጣሉም፣ አላለቀሰም። ያው ዝም ብሎ፣ ተንተርሰውት እንዳደሩት ክንድ፣ አንድ ነገሩ ደነዘዘ። ነገ ይነቃል ሲል ዓመታት ሄዱ።

«ቆይ» አለ። «አትመዝግቢያት።»

ከኋላ የተሰለፉት አጉረመረሙ። እህቱን ይዞ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እማዬ ምን ትላለች?» አለች።

«ትቆጣለች።»

«ታዲያ?»

«ትቆጣ። ጥፋቱ የኔ ነው። ላንቺ ብዬ አንዲት ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላየሁም።»

«አንተ ስላልከኝ ነው እኮ ያመንኩት» አለች፤ ለወቀሳ አይደለም፣ ነገሩን ለመናገር ያህል ነው። ሊያመው ይገባ ነበር። አላመመውም፤ ብቻ ውኃ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ወርዶ ከታች ተቀመጠ።

እናታቸው እንደተባለው ተቆጡ። «ለአገር ምድሩ አውርቼ! ስሙ የታወቀውን ኮሌጅ ጥሎ የሚመጣ አለ? ሰው የሚጠይቀው የት ተማርሽ ብሎ ነው።»

«እማዬ፣ እኔን እስቲ እዪኝ። ደስተኛ እመስልሻለሁ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ደመወዝህ ደህና ነው፤ ሥራህ ንጹሕ…»

«ስለ ደመወዜ አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«አባትህ ለደግ ብሎ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ለእሷ ስመርጥ ለክፉ ብዬ አልነበረም።»

እናት እሺም እምቢም ሳይሉ መኪናቸውን እንደገና አስነሡ፤ ስፌቱ ግን ተጣሞባቸው ደጋግመው ሲፈቱት አመሹ።

ያ ዓመት ባከነ። እኩዮቿ ትምህርት ጀመሩ፤ እሷ ቤት ቀረች። ብዙ ቀን ጭቃውንም አልነካችውም፤ መስኮቱ ላይ ያሉት ፊቶች አቧራ ለበሱ። በሰው ግዴለሽነት የጠፋ ዓመት በይቅርታ አይመለስም፤ ወንድሟም ይህን ስላወቀ ይቅርታ እያለ አላሰለቻትም። የዕረፍት ቀኑን ሁሉ እየወሰደ ኮሌጅ ለኮሌጅ ይዟት ዞረ።

ቢሮ ገብተው የሚነገራቸውን ብቻ ሰምተው አይመለሱም። መሥሪያ ክፍሉን አሳዩን ይላሉ፤ ተማሪዎቹን ኮሪደር ላይ ይጠይቃሉ፤ የመግቢያው ፈተና ምን እንደሆነ፣ የተመረቁት የት እንደደረሱ ያጣራሉ። አንዱ ኮሌጅ ግሩም የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ነበረው። እህቱ መደርደሪያውን ስታይ ቆየችና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ሁሉንም አንድ ሰው የሠራው ነው የሚመስለው» አለች። መምህሩ ተማሪዎቹን የራሱን እጅ ሥራ ነበር የሚያስኮርጃቸው። ሌላው አሮጌ መጋዘን ውስጥ ያለ፣ ስሙን ማንም የማይጠራው ነው። እስከ ክርኗ ጭቃ የለበሰች ተማሪ «ምድጃው በየጊዜው ይበላሻል፤ መምህራችን ግን አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ብትጠይቂው አይሰለችም» አለቻት። የዚያን ቀን እህቱ ከዚያ ክፍል አልወጣም ብላ እስኪመሽ ቆየች።

በሚቀጥለው ዓመት የት የት እንደምታመለክት የመረጠችው ራሷ ናት። መጋዘኑን አስቀደመች፤ እንዳጋጣሚ ባይቀበሉኝ ብላ ሁለት ሌሎችም ጨመረች። የመግቢያ ፈተናውን ተፈትና መጋዘኑ ገባች።

ወንድሟ ዛሬም የተጋጩ መኪኖች ይገምታል። ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ለዓመታት የደነዘዘ ነገር በአንድ ጀምበር አይነቃም። ግን ልጆቻችን ምክር ሲጠይቁን ስንፍናችንን በአዋቂነት ሸፍነን አንመልስላቸው። የማናውቀውን አላውቅም እንበል፤ አብረን ሄደን እንይ። ልጆችም፣ ታላቅ ተናገረ ብላችሁ የራሳችሁን ዓይን አትጨፍኑ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሰው ምርጫም እንዲሁ።

ባለፈው አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልታስለካ መጥታ ልጅሽ የት ገባች ብላ እናትየውን ጠየቀቻቸው። የኮሌጁን ስም ነገሯት።

«ሰምቼውም አላውቅ» አለች ሴትየዋ ከንፈሯን እየመጠጠች።

«እኔም አልሰማሁም ነበር» አሉ እናት፣ መለኪያውን ከወገቧ ላይ እያነሡ። «ሄጄ አየሁት።»