ከገረጋንቲው ሥር የወጣው መረብ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚሠራው መንገድ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሀሴት፣ ፎርማኑ ኦቦ ገርባ፣ የሮለር ሾፌሩ ወንዳፍራሽ፣ እና ቀን ሠራተኛው እኔ፣ ሚልኬሳ።

መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲመጣ መንገዱ እንዳይሰምጥ ከላይ ከሚለብሰው የገረጋንቲ ጠጠር ሥር ጠንካራ የፕላስቲክ መረብ እንዘረጋለን። ግን ድንጋይ ሲገለበጥበትና ሮለር ሲሄድበት መረቡ ራሱ ሊበጣጠስ ይችላል። ስለዚህ ሀሴት በየሐሙሱ ከቡራዩ እየመጣች ከተቀበረው ላይ ናሙና ታስወጣለች፤ የተጎዳውን ቆጥራ ትፈርማለች።

የማወጣው እኔ ነበርኩ፣ በእጄ። ዶማ ከነካው የቆረጠው ድንጋዩ ይሁን ዶማው አይለይም።

እሷ በመጣችበት በመጀመሪያው ሐሙስ፣ «እርስዎ ራቅ ይበሉ፣ አቧራ ነው» አልኳት።

«እርስዎ! ስንት ዓመት መሰልኩህ?» ብላ ሳቀች። አጠገቤ ቁጢጥ አለች። የተሰነጠቀ ጥፍሬን አይታ ከቦርሳዋ ፕላስተር አወጣችና ጠቀለለችልኝ። እጄን አልሰበሰብኩም። እሷም ጣቴን ቶሎ አልለቀቀችውም።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ለእኔ አንድ ቀን ብቻ ነበረው።

ሚያዝያ 10 ያወጣሁት መረብ ግን ተበጣጥሶ ነበር። ገረጋንቲ ሳይለብስ ገልባጭ መኪና ሄዶበታል። ሀሴት ራቅ ብላ ከወንዳፍራሽ ጋር የገረጋንቲውን ውፍረት ትለካለች። ኦቦ ገርባ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ያ ሚልኬሳ፣ ስማኝ። ይሄን ካየች ሥራው ይቆማል። አንተም ከሥራ ትወጣለህ፣ እሷም አትመጣም።»

ከጥቅሉ የተቆረጠ አዲስ መረብ ጭቃ ቀብቶ ሰጠኝ። ስለ ሥራዬ ብቻ ቢሆን እምቢ የምል ይመስለኛል። «አትመጣም» ያለው ነው እጄን ያስዘረጋኝ።

ሀሴት ተመልሳ ቆጠረች።

«ሁለት ጭረት ብቻ? ወንዳፍራሽ፣ ዛሬ ሮለሩን ጥጥ አልብሰኸዋል እንዴ?»

«እኔ ድሮም እጄ ለስላሳ ነው፣ ሀሴትዬ!» አለ ወደ ሮለሩ እየወጣ።

ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ፤ ዓይን አፋርነቴን ስለምታውቅ ፈገግ አለች።

«በሚልኬሳ እጅ የወጣ ነው፣ አልጠራጠርም» አለችና ፈረመች።

ከፋሲካ በኋላ ቡራዩ ወስዳ ከእናቷ ጋር አስተዋወቀችኝ። እናቷ «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ብለው ጎናቸው አስቀመጡኝ። ለመስከረም ሽማግሌ እንድልክ ተነጋገርን። ስለ መረቡ ልነግራት አፌን የከፈትኩበት ቀን ብዙ ነው። በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ነገር አወራሁ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከዘነበ በኋላ፣ ያ ቦታ ሰመጠ። ከተፍኪ ወተት ጭኖ የሚመጣ ባጃጅ ገብቶበት ተገለበጠ፤ የሾፌሩ እግር ተሰበረ።

ሀሴት ተጠራች፤ ፊርማው የእሷ ነው። እንድቆፍር አዘዘችኝ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። መረቡ ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። የሚያዝያውን ናሙና ይዛ ከመጣችው ላስቲክ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። ሁለቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«እነዚህ ከአንድ ቦታ የወጡ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታውቅ ነበር?»

«የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሥራው ከቆመ አትመጪም ብዬ።»

ዝናቡ በፊቷ ላይ ይወርዳል። አልጠረገችውም።

«ሚልኬሳ፣ እኔ ለመረቡ ብቻ ነበር እንዴ የምመጣው?»

መልሴን አልጠበቀችም። ናሙናዎቹን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ያደረግኩትን ሁሉ አደጋውን ሊያጣሩ በመጡት ሰዎች ፊት ተናግሬ ፈረምኩ። ኦቦ ገርባ ካደ። ሀሴት ናሙናው ሲወጣ ቆማ ባለማየቷ ከሥራ ተሰናበተች፤ ጥቅምት ላይ ሱሉልታ ብሎኬት ማምረቻ ተቀጠረች ሲሉ ሰማሁ። የሰመጠው ሁለት መቶ ሜትር ተቆፍሮ አዲስ መረብ ተዘረጋበት። ሽማግሌ አልላክሁም።