በር የዘጋችው ኮሮላ

ስድስት ዓመት ሙሉ የአከራዬ የገሠሠ ኮሮላ በር ዘግታብኛለች። አፍንጫዋን የግቢው በር ሥር ስላቆመው፣ በሩም ወደ ውስጥ ስለሚከፈት፣ በጎን ካልሆነ አያሳልፍም። የሽንኩርት ጆንያዬን በኮፈኗ ላይ እያሻገርኩ ነው ላፍቶ ገበያ የምወርደው። «አንሣልኝ» ስለው «ፓራኦሊዮዋን ስቀይር» ይላል፤ ከሞተሩ ኋላ ዘይቱን የሚይዘውን ቀለበት ማለቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢመረኝ ጎረቤት እየሰማ «እላይህ ላይ ትውደቅ» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደቀችበት።

ፓራኦሊዮዋን ሊቀይር በክሪክ አንሥቷት ከሥሯ ተኝቶ ሳለ ወደቀች፤ ወደ ፊት ተንሸራታም በሩን ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ሰው አይገባም፣ አይወጣም። ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ሚስቱ ትሩፋትና ወንድሙ ሚሳኤል ነን። ፖሊሶቹ በአጥር ዘለው ገቡ፤ ጎማዎቿን በድንጋይ ደግፈው የገሠሠን ሬሳ ከሥሯ አወጡት።

ኢንስፔክተር ቢፍቱ ጆንያዬ ላይ ተቀመጠች። ቀጭን ሴት ናት።

«ረግመውታል አሉ፣ እትዬ ሸዋረገድ።»

«ረግሜዋለሁ። እርግማኔ የሚሠራ ቢሆን በሩ ድሮ ይከፈትልኝ ነበር።»

«ምን ሰሙ?»

«ሲቆጥር። ብሎን በፈታ ቁጥር ይቆጥራል። ‹አራት› አለ፣ ከዚያ ጓ አለ።»

ትሩፋት ልብስ እያጠብኩ ነበር አለች፤ እጇ አረፋ እንደያዘ ነው። ሚሳኤል አለቀሰ።

«አዲሱን ፓራኦሊዮ አቀበልኩት። ‹ልገጥመው ነው፣ ሂድ ቁርስህን ብላ› አለኝ። ገና ቁጭ ከማለቴ ወደቀችበት።»

ቢፍቱ መሬት ላይ ተኝታ ከመኪናዋ ሥር ባትሪ አበራች። ከዚያ ግድግዳ የተደገፈውን ትርፍ ጎማ ነካች። ጣቷ ጠቆረ።

ሦስታችንንም ሰበሰበችን። ካቴና የያዘው ፖሊስ እኔን እኔን ያያል።

«ትሩፋት፣ ባልሽ ትርፍ ጎማ ሳያስገባ ከሥሯ ይተኛ ነበር?»

«በጭራሽ። ‹ክሪኩ ቢከዳኝ ጎማው ይይዛታል› ይላል።»

«ጎማው ላይ የተንጠባጠበው ዘይት አሁንም ወደ ታች እየወረደ ነው። እንግዲህ ዛሬ ከሥሯ ነበር። አንድ ሰው ስቦ አወጣው፤ ክሪኩንም ለቀቀው።»

«ጨርሶ ራሱ አውጥቶት ይሆናል» አለ ሚሳኤል።

«አልጨረሰም። ፓራኦሊዮው ያለው ከቮላኖው ኋላ ነው፤ ያ ከባድ ክብ ብረት ሳይወርድ አይነካም። ስድስት ብሎን አለው። አራቱ መሬት ላይ ናቸው፣ እትዬ እንደሰሙት፤ ሁለቱ እንደታሰሩ ናቸው። ታዲያ ምን ሊገጥም ተቀበለህ?»

ሚሳኤል እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ያቀበልከውስ የታል? ከእጁም የለ፣ ከሥሯም የለ።»

ፖሊሱ የሚሳኤልን ኪስ ፈተሸ። ፓራኦሊዮው ከነማሸጊያው ወጣ።

«ነገ እናታችንን ከቡታጅራ ሊያመጣት ነበር» አለ ሚሳኤል መሬት መሬት እያየ። «ጆሮዋ ከብዷል፣ ስልክ አትሰማም፤ አውቶቡስም አትችልም። ይህን ቤት የእሷን ፊርማ አስመስዬ በስሜ ማዞሬን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ይህች መኪና እስካልተሠራች ድረስ ደህና ነበርኩ።»

እሱን በአጥር አሻገሩት። ገሠሠንም በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ አጥሩ ሲያነሡት «አይሆንም» አልኩ። «ሰው ከቤቱ በበሩ ነው የሚወጣ።»

«በሩ አይከፈትም፣ እናቴ» አለ ፖሊሱ።

ቢፍቱን አየኋት። «ምርመራዬን ጨርሻለሁ፤ መኪናዋ ትነሣ» አለች።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ከጎማዎቿ ሥር ድንጋዮቹን አነሣሁና መስኮቷ ላይ ትከሻዬን ሰጠሁ። ትሩፋት በወዲያኛው በኩል ያዘች። ወደ ኋላ ሄደችልን። ስድስት ዓመት አንሣልኝ ያልኩትን መኪና እኔው አነሣሁለት።