ያልላላው ብሎን

ሃይማኖት የሌለው ሰው ምግባር የለውም የሚለውን ቃል ሰባኪው ከአባታቸው ወርሰው፣ ለአንድያ ልጃቸው ገና ፊደል ሳትቆጥር አስተምረዋታል። ልጅቱ አድጋ፣ ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመላቸውን ሰዎች መራመድ የምታለማምድ ባለሙያ ሆነች። አባቷም በስኳር ሕመም ሳቢያ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሲቆረጥ በእሷ እጅ ወደቁ።

እግሩን የሠራላቸው ወጣት፣ ቅንድቡን ጀሶ እንዳለበሰው ከፊታቸው ተንበርክኮ ብሎኑን አጠበቀ።

«እንግዲህ ቀኙ የፈጣሪ፣ ግራው ያንተ ነው» አሉት።

«የትኛው ይሻልዎታል፣ አባባ?»

«የፈጣሪው ሪህ አለበት። ለማንም እንዳትናገር!»

የአባቷን ትከሻ ደግፋ የቆመችው ልጅ ሳቀች። ወጣቱ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

በማግስቱ መፍቻውን ይዞ ወደ ልምምዱ አዳራሽ መጣ።

«ምነው፣ ብሎኑ ላላ እንዴ?»

«አልላላም። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ሰበብ መፍጠር እንኳ አታውቅበትም?»

የወደደችው ያን ጊዜ ነው።

ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ፣ ሰባኪው ወጣቱን ራሱን አስጠርተው ያምን እንደሆነ ጠየቁት። እንደማያምን ነገራቸው። ይወዱት ስለነበር ግን እንዲሁ ሊያሰናብቱት አልሆነላቸውም።

«ከምእመናኑ ፊት ቆመህ ‹አምናለሁ› በል። አንዲት ቃል ናት፤ የልብህን አልመረምርም።»

«የማላምነውን፣ አባባ?»

«ስንቱ ብሏት አግብቷል፣ ልጄ!»

የተናገሩትን ጆሯቸው ዘግይቶ የሰማው ይመስል፣ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ተመለከቱ።

እሷ ተከትላው ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሄደች። ያላለቁ እግሮች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል።

«ለእኔ ስትል በላት። እንደማታምን አውቃለሁ፤ እኔን አልዋሸኸኝም።»

«የወደድሽው ያልላላውን ላላ የማይለውን ሰው ነው። እሱን በር ላይ ጥዬው ብገባ፣ ማንን ልታገቢ ነው?»

«ከአንዲት ቃል አነስኩብህ በለኛ!»

ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ ጀሶውን አየና መለሰው።

ኮሪደሩን ቀስ ብላ አቋረጠች፤ ይጠራኛል ብላ። አልጠራትም። ያንገበገባት እምቢታው ብቻ አልነበረም። አትዋሺ ብለው ያሳደጓት አባቷ ዋሽ ማለታቸው፣ እሷም ዋሽ ብላ መለመኗ ነበር።

በተከታዩ ዓመት፣ ‹አምናለሁ› የምትለዋን ቃል ያለ ማመንታት ከተናገረ ሰው ጋር ተጋባች። አባቷ በሠርጉ ላይ ሰበኩ፤ ከአባታቸው የወረሱትን ቃል ግን ዘለሉት። ግራ እግራቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስተካከለላቸው ያው ወጣት ነው።